ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ደብዳቤ

«አልጻፍኩም አልኩህ እኮ! በምን ቋንቋ ልንገርህ?»

«እሺ፣ አልጻፍሽም። ታዲያ ማን ጻፈው? ስምሽ አለ፣ አድራሻሽ አለ፣ ቀኑ አለ። ግድግዳው ነው የጻፈው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ምናልባት ተበሳጭተሽ ጽፈሽው ረስተሽው እንዳይሆን። ባለፈው ‹ይሄ ሥራ ገደለኝ› ስትዪ አልነበር?»

«አልኩ። ማን የማይል አለ? አንተስ በየቀኑ ትል የለ? ስላልክ ማን አሰናበተህ?»

ሽቦ ይሄን ሁሉ የሰማው የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ነው። የሰው ጭቅጭቅ መስማት ነፍሱ ነው፤ የጎረቤት ሲሆንማ ወንበር ስቦ ነው የሚሰማው። ይሄኛው ግን የእህቱና የባሏ ስለሆነ ሳቅ ሳቅ አላለውም። ጠረጴዛው ላይ፣ በሻይ ብርጭቆውና በልጆቹ ቦርሳ መሀል፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ተዘርግቷል። ትናንት እህቱ ከምትሠራበት ክሊኒክ ዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። «በራስዎ ፈቃድ ሥራ ለመልቀቅ በኢሜይል ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽን፣ ላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን» ይላል። አስራ አንድ ዓመት በአንድ «እናመሰግናለን» አለቀ።

እህቱ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ደሙንም ሽንቱንም ሰገራውንም ያስረከበው ለሷ ነው፤ ለዚህ ነው ስንቱ ኮስታራ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚላት። ማን ምን እንዳለበት ታውቃለች፣ ትንፍሽ ግን አትልም። ሥራዋን ትወደዋለች ቢባል ያንሳል። ወጥ ላይ ጨው ስትጨምር እንኳን ማንኪያውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው። ባሏ ደግሞ የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሲናደድ እንኳን እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር በሥርዓት ዘግቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው። አሁንም የእጅጌውን ቁልፍ እየቆለፈ፣ «የሆነው ሆኗል። ምናልባት ለበጎ ይሆናል» አላት። እሷ መልስ አልሰጠችውም። ሽቦ እዚያ ቤት ሲኖር ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይሄን ዝምታ ያውቀዋል። ሁለት ወር ሙሉ እራት ላይ አብሯቸው ሲቀመጥ የከረመ ዝምታ ነው።

«እትዬ፣ ኢሜይሉን ልየው?» አለ ሽቦ አረፋውን እየዋጠ።

«መጀመሪያ አፍህን ታጠብ!»

«መርማሪያችን ነቃ» አለ ባልየው ፈገግ ብሎ፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ ወጣ።

ሽቦ የተባለው በቅጥነቱ ይሁን ከሽቦ ጋር ሲታገል ስለሚውል ራሱም አያውቅም። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወው፤ እሱ እንደሚለው ትምህርቱ ነው እሱን የተወው። አንድ ፎቅ ሥር፣ ደረጃው በሚያዘቀዝቅበት ጥግ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ስልክ ይጠግናል፣ ያረጀ ኮምፒውተር ያድሳል። የኢሜይልን ጉድ የተማረውም እዚያው ነው። አምና አንድ የፖሊስ መርማሪ የስልኩ መስታወት ተሰብሮበት መጣ፤ ሰውየው ጉራ ይወዳል፣ ሽቦ ደግሞ ወሬ ይወዳል፣ ተገጣጠሙ። «ላኪ የሚለው ቦታ ላይ የፈለግከውን ስም መጻፍ ትችላለህ» አለው መርማሪው። «ፖስታ ላይ ስም እንደመጻፍ ነው፣ ማን ይከለክልሃል? እውነቱ ያለው ከጀርባው ነው። ኢሜይሉ ያለፈበት ቤት ሁሉ ማህተሙን እያሳረፈ ነው የሚያሳልፈው። አዲሱ ማህተም ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው። የመጨረሻዋ መስመር የት እንደተወለደ ትነግርሃለች።» ሽቦ ከዚያ በኋላ የደረሰውን ኢሜይል ሁሉ እየገለበጠ ጀርባውን ሲያይ ሰነበተ። ከዚያማ ያው ሽቦ አይደል፣ ለተንኮል ተጠቀመበት። አንድ እሁድ ጠዋት ለእህቱ ባል «ከሚኒስትሩ» ኢሜይል ላከለት፣ «ዛሬ በስድስት ሰዓት ቢሮዬ እንድትገኝ» የሚል። ምስኪኑ ሰውዬ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ወልውሎ፣ በሩን ከፍቶ ሊወጣ ሲል ነው ሽቦ ሳቁ ያመለጠው። ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባልየው ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀና «እንዴት አድርገህ ነው? እስቲ አሳየኝ» አለው። ሽቦም አሳየው።

እና አሁን የእህቱን ስልክ ተቀበለና አገላበጠው። የተላኩ ውስጥ ምንም የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት «ይኸው የጻፉት» ብሎ መልሶ የላከላት ቅጂ ግን አለ። ጀርባውን አየው፦ ሁለት ማህተም ብቻ፣ ሁለቱም ከመሥሪያ ቤቱ ወደ እሷ።

«ይሄ አይረባም» አላት። «ፖስታውን ቀደው ጥለው ወረቀቱን በራሳቸው ፖስታ አድርገው ነው የላኩልሽ። ማህተሞቹ የመጀመሪያው ፖስታ ላይ ናቸው። እሱ ደግሞ እነሱ ጋ ነው።»

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ሱሪህን ልበስ!»

ታክሲ ውስጥ እህቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ቦርሳው ላይ ከምራ ተቀመጠች። ጣቶቿ የሚይዙት ነገር አጥተዋል። በዚህ ሰዓት ብልቃጥ ነበር የሚይዙት። ረዳቱ ሂሳብ ሲላት ሁለት ጊዜ ከፈለች፤ ሽቦ ነው አንዱን ያስመለሰው፣ ያውም «ሞጭላፊ» ብሎ ተሰድቦ፣ ተሳድቦ።

መዝገብ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል ነው፣ ሽታውም የአሮጌ ካርቶን። መዝገብ ያዧ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ብናኝ የማይታይባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። የእህቱን ቁጥር ሰምተው፣ ተነስተው፣ ዓይናቸውን ቢጨፍኑ እንኳን የሚያገኙት በሚመስል እርግጠኝነት ፋይሏን መዘዙ። ወረቀቱ አለ። የታተመ፣ ማህተም የተመታበት፣ ቁጥር የተሰጠው፣ ጥግ ጥጉ በስቴፕለር የተያዘ ኢሜይል።

«እማማ፣ እኔ ወረቀቱን አይደለም የምፈልገው» አለ ሽቦ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ኢሜይል ነው።»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ታትሟል፣ ተመዝግቧል፣ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ታዲያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን ይሠራል? አጠፋሁት። ሳጥኑ ይሞላብኛል እኮ ልጄ።»

«ቆሻሻ መጣያውስ ውስጥ? የኮምፒውተሩ?»

ሴትዮዋ ቅር አላቸው። «እኔ ቆሻሻ አላሳድርም» አሉ። «ማታ ማታ ደፍቼ ነው የምሄደው። ሰላሳ ዓመት ስሠራ አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወረቀት ታማኝ ነው። ያ የእናንተ ኮምፒውተር ነው አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይዞ የሚሄደው።»

ሽቦ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። ምን እንደሚፈልግ ለራሱም አልገባውም፤ ወረቀት ወረቀት ነው፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሴትዮዋ ለሰላሳ ዓመት ደብዳቤውን እያስቀመጡ ፖስታውን ሲያቃጥሉ ኖረዋል፣ ያውም በንጹህ ልብ። ሊሳደብ አፉን ከፈተና ወሽመጡ ቁርጥ አለ። በዚህ መሀል ነው እህቱ ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያደረገችው። አጉሊ መነጽር ሥር ትል ማየት የለመደ ዓይን ነው፣ ምንም አያመልጠውም። «ግልባጭ ይላል» አለች። «ለክሊኒኩ ኃላፊ።»

ለክሊኒኩም ተልኳል ማለት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ማንም ኢሜይል አያትምም፤ እንዲያውም ማንም አያነብም።

ወደ ሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ሮጠው ገቡ። ኃላፊው ለውዝ እየፈለፈለ ቅርፊቱን በፖስታ ውስጥ የሚያጠራቅም፣ ክራቫቱ ከሆዱ በላይ የቀረ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲያለቅስበት መዋል የሰለቸው ሰው ነበር። ሽቦ የመርማሪውን ትምህርት ከነእጅ እንቅስቃሴው ተረከለት፦ ፖስታው፣ ማህተሙ፣ ከታች ወደ ላይ፣ «የመጨረሻዋ መስመር የትውልድ ቦታው ናት፣ እሷ አትዋሽም።» ኃላፊው ለውዙን አቁሞ አዳመጠ። ሽቦ ደረቱ ተነፋ፤ ክራቫት ያሰረ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው የመጀመሪያው ነው።

«ጥሩ» አለ ኃላፊው። «ነገ ጠዋት የተተኪዋ ደብዳቤ ይፈረማል። ከተፈረመ እኔም አልመልሰውም። ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሙሉውን አምጡልኝ፣ ማን ከየት እንደላከው። ‹እኔ አይደለሁም› ብቻ ከሆነ ግን፣ የኔ እመቤት፣ የተጸጸተ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።»

ክሊኒኩ ለምሳ ተዘግቶ ስለነበር ሲከፈት ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አግዳሚው ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተደርድረዋል። እህቱን ሲያዩ «ዛሬ የት ጠፋሽ?» አሏት፤ «አለሁ» አለች። የላቦራቶሪው መስኮት ላይ አንዲት ወጣት ልጅ ተቀምጣለች፣ የእህቱ ነጭ ጋዋን ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት። ለጊዜው ከሌላ ቦታ የተላከች ናት አሉ። እህቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። «ያን ብልቃጥ እንዲህ አትያዢው፣ የኔ ቆንጆ፣ ይሞቅብሻል» ስትል ሽቦ ከኋላው ሰማት፤ ልጅቷም «እሺ እናቴ» አለቻት፣ ወረፋ የያዘች ታማሚ መስላት።

ኃላፊዋ ሲስተር ኮምፒውተሯን ለሽቦ ለቀቀችለት። ያልተነበበ አምስት ሺህ ምናምን ኢሜይል አለ። «ሁሉንም አንብቤ እጨርሳለሁ ስል ጡረታዬ ደረሰ» ብላ ሳቀችና ታማሚ ጋ ሄደች። ሽቦ በእህቱ ስም ፈልጎ አገኘው። ማንም አልከፈተውም፤ ድንግል ነው። ጣቱን አሻሽቶ ጀርባውን ገለበጠው።

ያ ሁሉ መስመር ተዘረገፈ። ላኪ፦ የእህቱ ስም፣ የእህቱ አድራሻ። ከሥሩ ደግሞ የተቀባዩ ማሽን ራሱ «ይሄ ከተባለው ቦታ አልመጣም» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ሽቦ ብቻውን እጁን አጨበጨበ። «ያዝኩህ አንተ ቀጣፊ!» ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ መጨረሻው ማህተም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ፣ ማክሰኞ። የተነሳበት ፖስታ ቤት፦ የአንድ ትምህርት ቤት ስም። የጻፈው ማሽን ስም፦ በፈረንጅ ፊደል፣ ዱባ-7።

የማሽኑን ስም መልሶ አነበበው።

ሽቦ አመል አለው። ኮምፒውተር ሲያድስ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ስም ስጠኝ» ይለዋል፣ ሽቦ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕድል አያሳልፍም። የፀጉር አስተካካዩ ኮምፒውተር «መላጣ» ነው። የጠበቃው «ሌባ-2» ነው። ባለቤቶቹ አያውቁም፣ ማን ገብቶ ያያል? ዱባ ደግሞ ለወፋፍራሞቹ ላፕቶፖች የሚያወጣው ስም ነው። ሰባተኛውን ዱባ ማንም አልገዛውም። ከነቻርጀሩ ጠርጎ፣ አሳምሮ፣ ለእህቱና ለባሏ በስጦታ የሰጣቸው ነው። መኝታ ቤት፣ በባልየው በኩል ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል የጫነለትም ሽቦ ራሱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እህቱ እዚህ ብልቃጥ ታንኳኳ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ቤት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ጉንፋን ያዘኝ» ብሎ የቀረ፣ ሽቦ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ክኒን ገዝቶ የሰጠው። ግልባጩም ተገለጠለት። ተናዶ ሥራ የሚለቅ ሰው ግልባጭ አያደርግም። ከተወለደ ጀምሮ ምክትል ዳይሬክተር የሆነ ሰው ነው ለውሸት ደብዳቤ ግልባጭ የሚያደርገው።

«አገኘህ?» አለች እህቱ በሩ ላይ ብቅ ብላ።

«እ... አገኘሁ። ማተሚያቸው ቀለም ጨርሷል። አንቺ ቀድመሽ ዋናው መሥሪያ ቤት ጠብቂኝ፣ አትሜ እመጣለሁ።»

ጥግ ካለው ማተሚያ ቤት ሁለት ቅጂ አሳተመ፣ ለአንዱ የሁለት ዳቦ ዋጋ ከፍሎ። አንዱን እንዳለ ኪሱ ከተተ። የሌላውን ግርጌ በመቀስ ቆረጠው። ከዚያ እግሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደው።

የምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ የክፍለ ጊዜ ሰንጠረዥ፣ አንድ የተሰበረ ሉል፣ እና ጆሮዋ የተገነጠለ ዋንጫ አለው። ባልየው ፈተና ያርማል። ሽቦ በመንገዱ ሁሉ ስድብ ሲያጠራቅም ነበር፣ ቀሚስ የለበሰ እስኪመስለው ድረስ ሊያዋርደው። የካደ እንደሆነ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ፊቱ ላይ ሊወረውርበት። በሩን ዘጋና የወጣው ግን ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ የማክሰኞው ጉንፋን ውሸት ነበር?»

ባልየው ቀና ብሎ አየው። የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ። «ጉንፋኑስ እውነት ነበር» አለ።

በቃ። አልካደም። ሽቦ ለክህደት ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ ሥራ ፈታ። ግራ ቢገባው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እንዳጠፋ ተማሪ።

«ዳይሬክተር ሆኜ ሌላ ከተማ ተመድቤያለሁ» አለ ባልየው። «ሁለት ወር ለመንኳት። ቤት ይሰጡናል፣ እዚያም ክሊኒክ አለ፣ ለልጆቹም ይሻላል አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አንተ ሂድ› አለችኝ። እንደ እንግዳ። ሚስት ለባሏ እንዲህ ትላለች?»

«እና መልቀቂያዋን ትጽፍላታለህ?»

«አንድ ሰው መወሰን ነበረበት።»

«ልነግራቸው እችላለሁ እኮ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።»

«ትችላለህ። ንገራቸው» አለ ባልየው፣ ድምፁ ሳይነሳ ሳይወድቅ። «እኔ ከሥራዬ እባረራለሁ፤ ምናልባትም እታሰራለሁ። ልጆቹ እዚሁ ግቢ ነው የሚማሩት፣ ይሰማሉ። ከዚያ መርማሪው ‹በሰው ስም መላክ ማን አስተማረህ?› ይለኛል። እኔ ደግሞ መዋሸት አልወድም።»

ደወል ተደወለ። ግቢው በልጆች ጩኸት ሞላ። ባልየው ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ፤ ሰልፍ ማስወጣት አለበት። በሩ ላይ የሽቦን ትከሻ ቸብ አደረገና «ቶሎ ሂድ፣ ታክሲ ሳይጠፋ» አለው። ሽቦ ሉሉን በእግሩ ሊመታው አሰበ። ተወው፤ የተሰበረ ነገር መምታት ምን ይጠቅማል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። እህቱ ከበሩ ፊት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከንፈሯን ቀለም ቀብታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ። ተስፋ ያደረገች ሰው ፊት ነበራት፤ ሽቦ ይሄን ፊት ከማየት አስር ጊዜ ቢሰደብ ይመርጥ ነበር። ተያይዘው ገቡ። ሽቦ የተቆረጠውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ምላሱን አፈጠነው፦ «ይኸው፣ ማሽኑ ራሱ ሐሰተኛ ነው ብሏል፣ እዚህ ጋ ያዩታል፣ በቃ እሷ አልጻፈችውም፣ ለዚህ ማስረጃ...»

ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ አየ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጠዋት ከታች ነው የሚነበበው አላልክም?» አለ።

«እ... ነው።»

«‹የመጨረሻዋ መስመር የትውልድ ቦታው ናት፣ እሷ አትዋሽም› አላልክም? ታዲያ የመጨረሻዋ የት አለች?»

ሽቦን በሕይወቱ አንድ ሰው በትክክል የሰማው ዛሬ ነው፣ ያውም በማይሆን ቀን። «ማተሚያው... ቆረጠው» አለ። ኃላፊው መቀስ የሄደበትን ጠርዝ ወደ ሽቦ እህት አዞረው። እህቱ ግን ወረቀቱን አላየችም። የምታየው ሽቦን ነው፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ማንኪያ ላይ ያለ ጨው እንደምታየው።

«ታችኛውን ስጠኝ» አለችው።

ኮሪደር ላይ ወጡ። ሽቦ ኪሱ የገባውን እጁን ማውጣት አቃተው፤ እሷ ናት ወረቀቱን ከእጁ ፈልቅቃ ያወጣችው። ከታች ጀምራ አነበበች፣ እንደነገራት። የትምህርት ቤቱን ስም አየች። ቀኑን አየች። ጣቷ መጨረሻው ላይ ቆመ። «ይሄ ዱባ ሰባት የሚለው ማን ነው?»

«መኝታ ቤት ያለው ላፕቶፕ» አለ ሽቦ። ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «በሰው ስም መላክን እኔ ነኝ ያሳየሁት። ለቀልድ ነበር እትዬ። ያኔ እኮ ሁላችንም ስቀናል» አለ።

ታች ፎቅ የሆነ ሰው ደረጃ ይጠርጋል፤ የመጥረጊያው ድምፅ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይመጣል። እህቱ አላለቀሰችም። ወረቀቱን በአራት አጠፈች፣ በስምንት አጠፈች፣ ከዚያ በላይ አልታጠፍ እስኪል ድረስ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ካለች ትንሽ ኪስ ከትታ ዚፑን ዘጋች። ሰዓቷን አየች። ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ ይላል። ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ገባች። ሽቦ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ፤ ጆሮውን በር ላይ ለጥፎ ያልሰማው ነገር የለም፣ እንዲህ ዓይነት ግን ሰምቶ አያውቅም።

«ስላስቸገርኩ ይቅርታ» አለች እህቱ። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተጸጽቼ ነበር፣ አሁን ተውኩት።»

«ልጁስ? ያ ሁሉ ከታች ወደ ላይ?»

«እሱን ተዉት። ስለሚወደኝ ነው።»

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኛ» አለ ኃላፊው። ወዲያው የለውዝ ቅርፊት ሲሰበር ተሰማ።

ወደ ቤት ታክሲ አልያዙም፣ እሷ በእግሬ አለች። መደብሮቹ መብራት እያበሩ ነበር። ሽቦ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ልመለስና ልንገራቸው? እኔ ነኝ ልበል? እኔን ይሰሩኝ፣ ምን አለኝ እኔ!» ይላታል። እሷ አንድ ሱቅ ገብታ እንቁላልና ዳቦ ገዛች። «ዋጋ ጨምራችኋል» አለች ለባለሱቁ። «ምን እናድርግ እትዬ፣ እኛም የምናመጣው ጨምሮ ነው» አላት። «እሱስ ነው» አለች።

ቤት ሲደርሱ ባልየው ኮቱን አውልቆ የልጆቹን የቤት ሥራ ያሠራል። ቀና ብሎ አያት። እሷ «ጨርሻለሁ» አለችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱም ምኑን ብሎ አልጠየቀም። ትንሿ ልጅ «እማ፣ ነገ ሥራ የለሽም? ከኛ ጋር ትውያለሽ?» ስትል ሁለቱም እኩል «አዎ» አሉ። እህቱ እንቁላሉን ጠበሰች፣ ሳህን አቀረበች፣ አምስት ሹካ ደረደረች። ባልየው ወንበሯን ሳብ አደረገላት። ከውጭ ላየው አንድ ደህና ቤተሰብ እራቱን ሊበላ ነው።

ሽቦ ወንበሩ ላይ እሳት ያለ ይመስል መቀመጥ አቃተው። ወጥ ቤት ተከተላትና በሩን በጀርባው ገፋ አድርጎ ዘጋው። ጨው ልታነሳ ነበር የገባችው።

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ቁጭ ብለሽ ልትበዪ ነው? እሺ እኔ ምን ላድርግልሽ? አንድ ነገር በዪኝ፣ የፈለግሽውን!»

እህቱ የጨው ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረደች። ክዳኑን ከፈተች።

«ከሱ ጋር መብላት እችላለሁ» አለችው። «አንተ እያየኸኝ ነው የማልችለው። ቤት ፈልግ።»